ለኦርላ ያስፈረምኩት የቅዳሴ ካርድ

እህቴ፣ እስቲ ትንሽ ቁጭ በይና ስሚኝ። የራሴን ሞኝነት ነው የምነግርሽ፣ መሳቅ ትችያለሽ።

አምና የከተማችን ፋርማሲ የመድኃኒት ትእዛዝ በስልክ መቀበል ጀመረ። ስልኩን የምታነሳው ኦርላ ትባላለች። የደም ግፊት ክኒኔን በየወሩ ከእሷ ነበር የማዝዘው። ድምፅዋ ለስላሳ፣ ሰው የምታከብር። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፤ ስለ ዝናብ አማርራ አታውቅም። እዚህ ምዕራብ አየርላንድ ዝናቡን ሳይራገም ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው የለም። "ይህች ልጅ ውስጧ ሐዘን አለ" አልኩ። አባ ዘንድ ሄጄ የቅዳሴ ካርድ አስፈረምኩላት። እኛ ጋ ሰው ሲታመም ወይ ሲከፋው ቅዳሴ እንደሚደረግለት የሚነግር ካርድ እንልክለታለን። በፋርማሲው አድራሻ ላክሁት።

ለልጆቼ ያልነገርኩትንም ለእሷ ነገርኳት። መታጠቢያ ቤት ሁለቴ ወድቄአለሁ። ልጄ ግሮንያ ከሰማች ቤቴን አስዘግታ አረጋውያን ማቆያ ታስገባኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ኦርላ "ይገባኛል፣ ከባድ ነው" አለችኝ። ተመስገን፣ አንድ ሰው አወቀልኝ ብዬ ቀለለኝ።

ባለፈው ሰኞ ስደውል "ከመጀመራችን በፊት፣ እኔ ሰው አይደለሁም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነኝ" አለችኝ።

ካፖርቴን ደርቤ ፋርማሲ ሄድኩ። ባለቤቱን ፊንታንን ለመጀመሪያ ቁርባኑ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሲያየኝ ጆሮው ቀላ። ካርዴን ከመሳቢያ አወጣ።

"አዲስ ሕግ መጥቶ ነው፣ እማማ አትራክታ። ማሽን መሆኗን ለደንበኛ ካልነገርን እንቀጣለን።"

"ካርዱ ሲመጣስ ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈርቼ።"

"ሕጉን?"

"እርስዎን።"

"ደግ አደረግህ! በል፣ መውደቄን ነግሬያት ነበር። የት አደረሰችው?"

ኮምፒዩተሩን አየ። "ክኒን፣ ሃያ ስምንት ፍሬ ይላል። ሌላ ነገር የለም።" ቀና አለ። "መቼ ነው የወደቁት?"

ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ወንበር ሳበልኝ፣ ግፊቴን ለካ። በጣም ወርዷል።

"ክኒኑ ሳይበዛብዎት አይቀርም። ሐኪምዎ ጋ አሁኑኑ እደውላለሁ። ለግሮንያ የሚነግሯት ግን እርስዎ ነዎት።"

እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ደወልኩላት። መጀመሪያ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ አለቀሰች። "ይሄ የተረገመ ዝናብ ደግሞ መንገዱን ዘግቶታል፤ ቢሆንም መጣሁ፣ እማ። ማቆያ ያለሽ ማነው?" አለችኝ። ዝናቡን ስትራገም ልቤ አረፈ።

"ካርዱስ?" አለ ፊንታን።

"አንተ ያዘው፣ ሳያስፈልግህ አይቀርም።"

በማሽኗ አልተቀየምኩም። ምን እንደሆነች ባትነግረኝ ኖሮ ግን፣ እስከ ዛሬ አንድ ሰው ያውቃል ብዬ እየወደቅሁ እኖር ነበር።

አንቺም የደበቅሽው ነገር ካለ፣ እባክሽ ዛሬውኑ ለሰው ንገሪ።