ሳይቆረስ የቀረው አናት

ኑ እስቲ፣ ወንበር ሳቡና አረፍ በሉ። ስለ አንድ ዳቦና ስለ አንድ ተራራ ላጫውታችሁ።

ጋሼ ለገሠ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ የሚባል ጎዳና ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው። ልጃቸው ራኬብ ደግሞ ሰው ወደ ሂማሊያ የሚወስድ የጉዞ ሥራ ጀምራለች። ካንቼንጁንጋ የሚባለው ተራራ መጀመሪያ የተወጣበት ሰባኛ ዓመት ሲከበር፣ እሷም አባቷ ቤት ድግስ አሰናዳች። ድግሱ ላይ የጠራቻቸው የመጀመሪያ ተጓዦቿ ዳኒ የሚባል ሰው ከሚመራው የእግር ጉዞ ማኅበር ናቸው፤ እነሱ እምቢ ካሉ ሥራው ሳይጀመር መዘጋቱ ነው።

ጋሼ ለበዓሉ ብለው ድፎ ዳቦ ጋገሩ። ድፎ ስላችሁ ክብ እንዳይመስላችሁ፤ ተራራ ነው! ደራርበው፣ አሹለው፣ አናቱ ላይ ስኳር ነስንሰው በረዶ አስመሰሉት። የክብር እንግዳው ፓሳንግ፣ እዚያው ተራራ ሥር ተወልዶ ተራራ ወጪዎችን የሚመራ የኔፓል ሰው፣ ገና ሲያየው ሳቀ።

"እንግዳ ነህና አንተ ቁረስ፤ ከአናቱ ጀምር" አሉት ጋሼ ቢላዋ እያቀበሉ።

ፓሳንግ ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ። ሳቁም ጠፋ።

"ምነው? ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፉም። ግን የዚህን ተራራ አናት አንነካም።"

"አልወጣኸውም እንዴ?"

"ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ።"

"ታዲያ እላዩ ላይ ምን አለ?"

"እኔ እንጃ።"

ጋሼ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ራኬብ፣ አስጎብኚ ብለሽ ያመጣሽው ሦስት ጊዜ ሄዶ ያላየ ሰው ነው?" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ፓሳንግም እየሳቀ አስረዳቸው። ተራራው ለአገሬው ቅዱስ ነው። መጀመሪያ የወጡትም አናቱን ላይረግጡ ቃል ገብተው ነበርና ጫፉ ላይ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ቆሙ። ከዚያ ወዲህም ብዙዎች እዚያው ቆመው ይመለሳሉ።

"ሶ፣ እኛ እስከ ተራራው እግር በሄሊኮፕተር ብንሄድስ?" አለ ዳኒ። "ፎቶ ተነስተን ወዲያው መመለስ ነው። ስንት ቀን ሙሉ ማን በእግሩ ይሄዳል?"

"የእግር ጉዞ ማኅበር ሊቀ መንበር አይደለህም እንዴ?" አሉት ጋሼ።

ራኬብ አልሳቀችም። "ሄሊኮፕተር የለም። በእግር እንሄዳለን፣ መንደርተኛው ቤት እናድራለን፣ ቆሻሻችንን ተሸክመን እንመለሳለን። እንደዚያ ካልሆነ ጉዞው ይቅር" አለች።

ዳኒ ጃኬቱን አነሳ።

"ቆይ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉት ጋሼ። "ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መቅደስ ትገባለህ?"

"እንዴት እገባለሁ ጋሼ? ቄስ ነኝ?"

"ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን አይተህ ታውቃለህ?"

"ኧረ አላየሁም።"

"ታዲያ አላየሁም ብለህ መሄድ ትተሃል?"

ጋሼ ዳቦውን ባርከው ከሥሩ ቆረሱ። ከማኅበሩ ሁለቱ ስልክ ለማናገር እንደወጡ አልተመለሱም። ዳኒ ግን ቁጭ ብሎ በላ፤ ሲበላ ሲበላ ዓይኑ ስኳሩ ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ እስከ የት ድረስ ነው የሚበላው?"

"እስከ መጋረጃው።"

ዳኒ ሳቀና ጃኬቱን ወንበሩ ላይ መለሰው። "ኦኬ ራኪ፣ በእግር ይሁን። ግን ጫማ አንቺ ነሽ የምትመርጪልኝ።"

ራኬብ የቀሩትን ሰዎች አየች፤ ብዙ አይደሉም። ፓሳንግ ሐሳቧ ገብቶት "ይበቃሉ፣ የእናቴ ቤት ጠባብ ነው" አላት።

አናቱ ከነስኳሩ ትሪው ላይ ቀረ። ጋሼ ዛሬም "እላዩ ላይ ምን ይኖር ይሆን?" እያሉ ይጠይቃሉ፤ መልሱን የሚነግራቸው ሰው ግን አይፈልጉም። እናንተም ልጆቼ፣ አንድ ቀን ከፍ ያለ ቦታ ስትደርሱ፣ እባካችሁ ያን ሳይቆረስ የቀረ አናት አስታውሱልኝ።