በየት በኩል መጣሽ?

ክሊፎርድ ራምስደን ኮሜዲ ጽፎ የሚያድር ሰው ነው፤ ሲስቅ ግን ያየው የለም። ሠላሳ ዓመት አብሬው ጽፌያለሁ፣ በእሱ ወጥ ቤት ውስጥ፣ እሱ በመስኮቱ በኩል እኔ በበሩ በኩል ተቀምጠን። የጻፍኩት ነገር በጣም ሲያስደስተው "አይከፋም" ይላል። አንድ ቀን አምልጦት "ጥሩ ነው" ሲለኝ ታሟል ብዬ ሐኪም ልጠራለት ነበር።

ቤቴ ከእሱ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። እንደዚያም ሆኖ ጠዋት በሩን ሲከፍትልኝ "እንዴት አደርሽ ሞይራ" ብሎኝ አያውቅም።

"በየት በኩል መጣሽ?" ነው የሚለኝ።

"በቤተ ክርስቲያኑ በኩል።"

"በፖስታ ቤቱ በኩል ብትመጪ ይሻልሽ ነበር።"

በማግስቱ በፖስታ ቤቱ በኩል ብመጣ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ይሻል ነበር። የኛ የሰሜን እንግሊዝ፣ የላንክሻየር ወንዶች እንዲህ ናቸው። አባቴም፣ ነፍሱን ይማረውና ባሌም እንዲሁ ነበሩ። ሰው ከሩቅ ሲመጣባቸው በር ላይ ቆመው የመጣበትን መንገድ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ መንገዱን ያጣጥላሉ። እንኳን ደህና መጣህ ማለት ያፍራሉ መሰለኝ።

እኔንና ክሊፎርድን ስመ ጥር ያደረገን "እርጥቡ ሜዳ" የሚባል የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። ዊልፍ የሚባል ሰው ሞርካም ባሕር ዳር ላይ ለዕረፍት ለሚመጡ ሰዎች ተጎታች ቤት ያከራያል፤ የነካው ሁሉ ይበላሽበታል። ስድስት ክፍል ጻፍን። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ስድስት ጨመርንና በቃን አልን። በመጨረሻው ክፍል የዊልፍ ስልሳኛ ልደት ነው። ከአባቷ ተኳርፋ የቆየች ልጁ እመጣለሁ ብላዋለች። ሳንድዊች ቆርጦ፣ ክራባት አስሮ ይጠብቃታል። በሩ ይንኳኳል። ሲከፍተው የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚመጠው ሰውዬ ነው። ዊልፍ አስገብቶት ኬኩን ይቆርስለታል፤ ሁለቱም ዝም ብለው ይበላሉ። አለቀ። አገሩ በሙሉ በሳቅ ፈርሶ፣ ከዚያ ማንም ማንንም ሳያይ ሻይ ሊጥድ ተነሣ ይባላል።

ይኼን ክፍል የጻፈው ክሊፎርድ ብቻውን ነው። እኔ አልጠየቅሁትም፤ ከየት እንዳመጣው አውቃለሁና። ሮዌና የምትባል አንድ ልጅ አለችው። ሎስ አንጀለስ ሄዳ የእንስሳት ሐኪም ሆና፣ እዚያው አሜሪካዊ አገባች። ለሠርጓ ስትጠራው በስልክ ምን ቢላት ጥሩ ነው? "ለአንድ ቁራሽ ኬክ ብዬ ያን ሁሉ ሰዓት ከምበር በፖስታ ላኪልኝ።" ቀልዱን ነው። መጨረሻ ላይ እሄዳለሁ ብሎ ያስብ ነበር፤ ሻንጣ ሁሉ ገዝቷል። እሷ ግን ቀድማ እውነትም ኬኩን በፖስታ ላከችለት፤ ከኬኩ ጋር አንዲት ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ኬኩ እስካሁን በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ መደርደሪያው ላይ አለ።

እናም አሜሪካኖች "እርጥቡ ሜዳ"ን በራሳቸው ተዋንያን እንሥራው ብለው ሎስ አንጀለስ ሲጠሩን፣ እዚያው ቅርባችን ካለችው ከብላክፑል አልፎ መሄድ የሚያመው ክሊፎርድ ወዲያው እሺ አለ። ስለ ሮዌና ትንፍሽ አላለም። አውሮፕላኑ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ስለ ሳንድዊቹ ሲያማርር ደረስን።

የጸሐፊዎቹ አለቃ ማርሲ ትባላለች። በሩ ላይ አቀፈችን። ክሊፎርድ እጆቹን ወደ ታች ለቆ እንደ በር መቃን ቆሞ እስክትጨርስ ጠበቃት። ስማችንን ገና በቅጡ ሳትይዝ አንተ አንቺ አለችን፤ ስሙንም አሳጥራ ክሊፍ አደረገችው። እናቱ እንኳ ክሊፍ ብላው አታውቅም። "እርጥቡ ሜዳ" የሚለውም ስም "ፀሐያማው ሜዳ" ሆኖ ጠበቀን።

ኮሜዲውን የሚጽፉት ደርዘን ሆነው ነው። አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ኦቾሎኒና ቸኮሌት ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ቀልድ ሲናገር ሌሎቹ አይስቁም፤ ፊታቸውን ሳይፈቱ "ያስቃል" ይሉና ሰሌዳው ላይ ይጽፉታል።

"ሲስቅ አይቼው የማላውቅ ሰው ያስቃል ሲለኝ እንዴት ልመነው?" አለኝ ክሊፎርድ በጆሮዬ።

"አንተን ስንት ዓመት አመንኩህ እኮ" አልኩት።

ማርሲ በዓመት ሃያ ሁለት ክፍል እንደምትፈልግ ስትነግረው ሻዩ ትን አለው።

"ሰውዬው ሃያ ሁለት ጊዜ ከወደቀ ተመልካቹ ፖሊስ ነው የሚጠራው" አላት።

"ለዚያ እኮ ነው ክሊፍዬ፣ አልፎ አልፎ ይሳካለት የምንለው።"

"ከተሳካለት ምኑ ያስቃል?"

"ሰው እንዲወደው ነዋ።"

"እኛ አገር የሚወዱት ስለማይሳካለት ነው።"

"እኛ አገር ደግሞ ተስፋ ስለማይቆርጥ" አለች ማርሲ። ሴትዮዋ ኦቾሎኒ ብቻ የምትቆረጥም መስላኝ ነበር።

ዊልፍን የሚጫወተው ቼት የሚባል መልከ መልካም ሰው ነው። የኛ ዊልፍ ጥርሱ እንደ አሮጌ አጥር አንዱ የቆመ አንዱ የተጋደመ ነበር፤ የቼት ጥርስ ከሩቅ ያበራል። ይኼን ሁሉ ክሊፎርድ ዋጠው። ጠቡ የመጣው በልደቱ ክፍል ነው። አሜሪካኖቹ መጀመሪያ የሚቀርጹት እሱን ነው፤ እሱ ካልጣመ ሌላው አይሠራም። ታዲያ በሩ ሲንኳኳ ልጅቷ ትምጣ፣ አባትና ልጅ ይተቃቀፉ አሉ።

"አትመጣም" አለ ክሊፎርድ።

"ለምን አትመጣም?" አለች ማርሲ።

"ስለማትመጣ።"

"ዝም ብሎማ አይሆንም። ምን አድርጓት ነው?"

ክሊፎርድ ሲኒውን አነሣ። "ቀልዶባት" አለና ውኃ ሊያፈላ ወጣ።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ ፊቱን ሳይፈታ "ያስቃል" ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። እኔ ሰሌዳውን ማየት አቃተኝ።

ሻዩን ይዞ ሲመለስ ቁርጡን ተናገረ። "በሩ ላይ ልጅቷ ከቆመች ስሜን ከሥራው ላይ አንሡልኝ። በማግስቱ ወደ ቤቴ ነው።" ቀልዱን አልነበረም። እኔን ያስጨነቀኝ የስሙ ነገር አይደለም። ይኼ ሰው ልጁ ካለችበት ከተማ ድረስ መጥቶ ሳያያት ከተመለሰ ሁለተኛ አይመጣም፤ ዕድሜያችን እንደሁ ሄዷል።

ጣልቃ ገብ ነሽ ይለኛል ሁሌ። ነኝ። ሮዌና የምትሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ደወልኩና በቀረጻው ቀን ተመልካች ሆና እንድትመጣ ለመንኳት።

"አሁንም ይቀልዳል?" አለችኝ።

"ሥራው ነው እኮ ልጄ።"

"ሥራውን አይደለም የጠየቅሁሽ።" ከበስተኋላዋ ውሻ ይጮሃል። "እሺ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ። እንዳትነግሪው። እውነቴን ነው ሞይራ፣ ካየኝና መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ቀልድ ከሆነ ተነሥቼ ነው የምሄደው። ለዘለዓለሙ።"

የቀረጻው ቀን ሁለት መቶ ያህል ሰው ደረጃ በደረጃ በተሠራው መቀመጫ ላይ ሞላ። አንድ ሰውዬ ማይክሮፎን ይዞ እየጨፈረ ከረሜላ ይበትንላቸዋል፣ እንዲስቁ ያሟሙቃቸዋል። "አገሬ ቢሆን በዝናብ አሰልፈን ነበር የምናስገባቸው፤ ተናዶ የሚስቅ ሰው ነው የሚታመነው" አለ ክሊፎርድ። እኔ የላይኛውን ረድፍ እያየሁ ነው። ጥግ ላይ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ እጆቿን አጣምራ ተቀምጣለች። ቅንድቧ የአባቷ ነው።

መጀመሪያ የክሊፎርድን መጨረሻ ቀረጹ። እስከዚያ ድረስ ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ቆይቷል። በሩ ተንኳኳ፤ ቼት ክራባቱን አስተካክሎ ከፈተ፤ ሽንት ቤት መጣጩ ገባ። ጭጭ። አንዲት ሴትዮ ከመሃል "ውይ፣ ምስኪን" ስትል ሁሉም ሰማት። ማንም አልሳቀም። ክሊፎርድ አጠገቤ ፊቱ አመድ መሰለ።

አሜሪካኖቹ ግን ቀልድ ሲወድቅባቸው ሬሳ አድርገው አይሸኙትም። ተመልካቹን እዚያው አስቀምጠው፣ ደርዘን ሆነው መሬት ላይ ክብ ሠርተው እንደገና ይጽፋሉ። ከዚያ ሌላውን መጨረሻ ይቀርጻሉ፤ የጣመው ይወሰዳል። ልጅቷን የምትጫወተዋ ተዋናይ ለብሳ ከበሩ ኋላ ቆማለች። አንዱ "አባዬ ይቅር በለኝ ትበል" አለ፤ ሌላው "እሱ ነው ይቅርታ መጠየቅ ያለበት" አለ። ቼት ማልቀስ እንደሚችል ለማሳየት ወዲያውኑ አለቀሰ።

ክሊፎርድ ኮቱን አነሣ።

"ቁጭ በል" አልኩት።

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"ቁጭ በል ነው የምልህ። ላንተ ብዬ በፖስታ ቤቱ በኩል ስንት ዓመት ዞሬያለሁ፣ አንድ ነገር መልስልኝ። በሩ ተከፈተ እንበል፣ ቆማለች። ዊልፍ ምን ይላታል?"

"አትመጣም አልኩሽ።"

"ብትመጣስ?"

ኮቱን ከቀኝ ክንዱ ወደ ግራ ክንዱ አዛወረው። ክብ የሠሩት ጸሐፊዎችም ዞረው እሱን ማየት ጀመሩ። ማርሲ እስክርቢቶዋን ዘረጋችለት። ጽፎ ሲሰጣት ወረቀቱን ገለባበጠችው።

"'በየት በኩል መጣሽ?' ብቻ? ይቅርታው የታለ?"

"ይኸው" አለ ክሊፎርድ።

"እቅፉስ?"

"እሱም እዚያው ውስጥ አለ።"

ማርሲ ወደ እኔ ዞረች። ምን ልበላት? "አንድ ጊዜ ሞክሪው። ካልሆነ ያንቺን ትቀርጫለሽ" አልኳት።

ቀረጻው ተጀመረ። በሩ ተንኳኳ። ቼት ከፈተ፣ ልጅቷን አያት። ለመቅረብ አንድ እግሩን አነሣና መልሶ አኖረው፤ ለካ ያ ሰው መጫወት ይችላል። "በየት በኩል መጣሽ?" አላት።

አዳራሹ ፈነዳ። የሎስ አንጀለስ ሰው ግማሽ ዕድሜውን መኪና ውስጥ የሚፈጅ፣ ሲገናኝ ከመንገድ ሌላ ወሬ የሌለው ሕዝብ መሆኑን ማንኛችንም አላሰብንም ነበር። ከዚያ ተዋናይዋ በየት ታጥፋ በየት እንደመጣች መናገር ስትጀምር፣ ቼትም እያንዳንዱን መታጠፊያ በጥንቃቄ እየሰማ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ፣ ሳቁ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ። ያቺ "ምስኪን" ያለችው ሴትዮ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት። ሽንት ቤት መጣጩም በመጨረሻ ገብቶ ኬኩን በላ። ማርሲ እያለቀሰች "ያስቃል" አለች።

እኔ ግን ወደ ላይ ሳይ የጥጉ መቀመጫ ባዶ ነው። ሄደች አልኩ።

አልሄደችም፣ ደረጃውን እየወረደች ነው። ክሊፎርድ ኮቱን ሊለብስ አንዱን እጁን እጅጌው ውስጥ እንዳስገባ አያት። እንደዚያው ቀረ። አፉን ከፈተ። እኔ ያን አፍ አውቀዋለሁ፤ ሲጨንቀው ቀልድ ነው የሚያወጣው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"በየት በኩል መጣሽ?" ሲል ሰማሁ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

ዓይኔን ስገልጥ ሁለቱ አንድ ክንድ ተራርቀው ቆመዋል።

"ከፓሳዴና ተነሥቼ" አለች ሮዌና። "ትልቁ መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ አደጋ አለ አሉ። እና በመናፈሻው ጀርባ ዞሬ፣ ኮረብታውን ወጥቼ፣ በወንዙ ዳር ወረድኩ።"

"በወንዙ ዳር።"

"አዎ። ከዚያ ከድልድዩ ወደ ግራ።"

"ወደ ግራ" አለ ክሊፎርድ። እንባው ወርዶ አገጩ ላይ ደርሷል፣ እሱ አላወቀም። ከዚያች ከተማ መንገድ አንዱን እንኳ አያውቅም። ፓሳዴና በየት በኩል እንደሆነ ብትጠይቀው ወደ ባሕሩ ነበር የሚያመለክታት። የማንንም ሰው መንገድ ትክክል ነው ብሎ የማያውቅ ሰው ነው፣ የኔን የሁለት ደቂቃ መንገድ እንኳ።

"እኔም ብሆን በዚያው ነበር የምመጣው" አላት።