የቻይናዎቹ አዳራሽ በረኛ

«ፎቶውን አንሺው» አሉ እትዬ ቦጋለች በሹክሹክታ። «ቻይናዎቹ ከሊፍት ወርደዋል። የነፍስ አባታችን እዚህ ተቀምጠው እነሱ ለፎቶ ሲሰግዱ ቢታዩ፣ ሰው ምን ይላል?»

ፅዮን የአባቷን ፎቶ ከጠረጴዛው አንሥታ መኝታ ቤት ገባችና አልጋው ላይ ከተከመረው የለቀስተኛ ኮት ሥር ሸጎጠችው። አባቷ አቶ ይመር ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ በስደት የኖሩባት የስካርቦሮ አፓርታማ በሰው ተጨናንቃለች። አክስቷ እትዬ ቦጋለች ደግሞ ሐዘን ይሉኝታን የሚያስረሳቸው ሴት አይደሉም።

ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። የመጡት፣ ቻይናዎች ለአውራጃቸው ስደተኞች በድሮ ዘመን ካሠሩት አዳራሽ ነው፤ አቶ ይመር የዚያን በር ሠላሳ ዓመት ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረዋል። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጨርቅ የለበሰውን ጠረጴዛ አዩ፤ ባዶ ነው። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያም ተሰልፈው ለባዶው ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ እጅ ነሡ። ያን ሁሉ የተፈሩት የነፍስ አባት ከሰው ሁሉ ቀድመው ተነሡላቸው። ፅዮን የምትገባበት ጠፋት።

አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በአዳራሹ መንገድ ስታልፍ፣ አባቷ የቻይናዎቹ ዘመን መለወጫ ጥሎት የሄደውን ቀይ የርችት ወረቀት ከደረጃው ላይ ሲጠርጉ አየቻቸው። ለጓደኞቿ ኦፊስ ነው የሚሠራው ብላ አውርታ ነበርና መንገዱን ተሻገረች። እሳቸውም አይተዋታል፤ ግን አልጠሯትም፤ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩላት። ያኔ እሳቸው ተደበቁላት፤ ዛሬ ደግሞ በገዛ ቤታቸው እሷ ደበቀቻቸው።

ታላቁ ሽማግሌ ሚስተር ፉንግ አጠገቧ ተቀምጠው ሰምታው የማታውቀውን አጫወቷት። ከአርባ ዓመት በፊት፣ በበረዶ፣ አባቷ አንዲት ፌስታል ይዘው በስህተት የአዳራሹን በር አንኳኩ። ምድር ቤቱ ውስጥ ለአውራጃው ሰው ብቻ የተዘጋጁ አልጋዎች ነበሩ። ማን አለህ ቢሏቸው ማንም አሉ። ማንም የሌለው የእኛ ነው ተባለና አስገቧቸው። ከዚያ በኋላ አንኳክቶ የሚመለስ ሰው እንዳይኖር ብለው፣ በረኝነቱን ለምነው የያዙት ራሳቸው አባቷ ናቸው።

«በሰው አገር የሞቱብን ሰዎች ፎቶ ግድግዳችን ላይ አለ» አሉ ሽማግሌው። «የሱንም ትሰጪናለሽ?»

«ፍሬም ሊደረግ ሰጥተነዋል» አለች፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባት።

ሽማግሌው አንቸኩልም ብለዋት ተነሥተው ከጓደኞቻቸው ጋር ወጡ። እትዬ ቦጋለች ምንጣፉን ምንጣፉን ያያሉ።

ፅዮን መኝታ ቤት ገብታ ኮቶቹን በረበረች። ፎቶውን ይዛ በካልሲዋ ኮሪደሩን ስትሮጥ ሊፍቱ ሊዘጋ ሲል ደረሰች።

«ዋሽቼዎት ነው» አለች። «ደብቄው ነበር።»

ለታላቅ ሰው ዕቃ በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ተብሎ እንደሚሰጥ ያስተማሯት አባቷ ናቸው። እንደዚያው አድርጋ ዘረጋችላቸው። ሽማግሌውም በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው ተቀበሏት። ሊፍቱ ተዘግቶ ወረደ፤ ፅዮን ግን ሁለት ባዶ እጆቿን እንደዘረጋች፣ ከጎነበሰችበት አልተቃናችም።