የጋሽ ሉልሰገድ መንጃ ፈቃድ

ይሉኝታ ሰውን የሚጥለው ቀስ ብሎ ነው። ወልደገብርኤልን የያዘው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ አንበርክኮ እስኪለቀው ግን ሁለት ወር ፈጀበት።

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲወርድ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሳይደርስ፣ እግረኞች እንዲያልፉ ቆመ። የሚነዳት ነጭ ኮሮላ የእሱ አይደለችም፤ የወይዘሮ አስካለ ናት። አሥራ ሰባት ዓመት ሾፌራቸው ሆኖ ኖሯል። እግረኞቹ ተሻግረው ሳይጨርሱ ከኋላው ጓ! የሚል ድምፅ ሰማ፤ አንገቱ ወደ ፊት ሄዶ ተመለሰ።

ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ወረደ። አራዳ ተወልዶ ስድብ የሚቸግረው ሰው የለም፤ ወልደገብርኤልም ለዚያች ደቂቃ የሚሆን ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበረው። ነገር ግን ከአሮጌዋ ላንድክሩዘር ከዘራቸውን አስቀድመው የወረዱት ጋሽ ሉልሰገድ ሆኑ። ስድቡን ዋጠው።

ጋሽ ሉልሰገድ የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ዕድሩ አብሮ እንዳይበተን በየሰው ደጅ እየዞሩ ያቆዩት እሳቸው ናቸው። የወልደገብርኤል እናት ያረፉ ጊዜ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከደጃፉ ያልተነሱትም እሳቸው። እንዲህ ያለ ሰው ከኋላ ቢገጭህ ምን ትለዋለህ? «እንደምን አደሩ» ነው የምትለው። ወልደገብርኤልም ጎንበስ ብሎ ያንኑ አለ።

የኮሮላዋ የኋላ ባምፐር በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ አንደኛው ጫፉ ከመያዣው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። የላንድክሩዘሯ የፊት ብረት ግን ነጭ ቀለም ነካው እንጂ ምንም አልሆነም።

በከተማችን ሁለት መኪና ሲጋጭ፣ ትራፊክ ፖሊስ ከመጠራቱ በፊት አንድ ወግ አለ። ያጠፋው ሰው መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ለተገጪው ይሰጣል፤ ተገጪው መኪናው እስኪሠራለት ድረስ ይዞት ይቆያል። ከውልም ከምስክርም ይበልጣል። ጋሽ ሉልሰገድ ወግ አዋቂ ናቸውና መንጃ ፈቃዳቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ዘረጉ።

«እንካ ልጄ፣ ያዘው።»

«ኧረ በስመአብ! ከእርስዎማ አልይዝም!» ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ መልሶ ገፋ።

«ያዝ እንጂ፣ ወጉ ነው።»

«ጋሼ፣ ይተዉ! የእርስዎ ቃል አይበቃኝም እንዴ?»

በሁለተኛው ጊዜ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን አላወራም ነበር። ምግብ ቤት «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እንደሚባባሉ ሰዎች ሦስት ጊዜ ተገፋፉ። ከኋላ የቆሙት ታክሲዎች በጥሩምባ አደነቆሯቸው። በመጨረሻ መንጃ ፈቃዱ ወደ ጋሽ ሉልሰገድ ደረት ኪስ ተመለሰ።

«እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሰው አታውራብኝ። ልጆቼ ‹ዓይንህ ደክሟል፣ መንዳት ይብቃህ› እያሉ ቁልፉን ሊወስዱብኝ ሰበብ ነው የሚፈልጉት። አዲስ ባምፐር እኔ ገዝቼ አስገጥምልሃለሁ። የፊታችን ቅዳሜ እንገናኝ።»

«እርስዎን ይንሳኝ፣ ትንፍሽ አልልም!»

ያን ጊዜ ወይዘሮ አስካለ እህታቸውን ሊጠይቁ ደብረ ብርሃን ሄደው ነበር፤ የሚመለሱትም ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ወልደገብርኤል ቅዳሜን ጠበቀ። ቅዳሜ ሲደውል፣ «ሰሞኑን ነው ልጄ፣ ሰሞኑን» አሉት። ሰኞ ሲደውል ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ማክሰኞ መደወሉን ራሱ አፈረ። የተገጨው እሱ፣ የሚያፍረውም እሱ! የኛ ሰው እንዲህ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት መኪናዋን ይዞ ኢስማኤል ዘንድ ሄደ። ኢስማኤል ከፒያሳ ቁልቁል በሚወስድ ቅያስ ውስጥ፣ ከግንብ ጋር በተደገፈች አንዲት ቆርቆሮ ሥር የተሰበረ ባምፐር ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ተንበርክኮ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ተከተለው።

«ማነው እንዲህ ያቀመሰህ?»

«ሰው ነው።»

«ሰው መሆኑንማ አየሁ፣ በቅሎ አይነዳም። መንጃ ፈቃዱን ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«ታዲያ ምን ያዝክ?»

«ቃሉን።»

ኢስማኤል ቀና ብሎ አየው። «ወልዴ፣ በመዳብ ሽቦ ሰፍቻለሁ፣ በጅማት ስፋልኝ ያለኝም ሰው አለ። በቃል የሚሰፋ ባምፐር ግን አልገጠመኝም።» ከዚያ ቀልዱን ተወና፣ «ምከረኝ ካልክ ለባለቤቷ ንገራቸው። ስፌት ነውር የለውም፤ ተደብቆ የተገኘ እለት ነው ነውር የሚሆነው» አለው።

«አንተ ብቻ ስፋው» አለ ወልደገብርኤል።

ኢስማኤል በስንጥቁ ግራና ቀኝ በጋለ ምስማር እየበሳ በመዳብ ሽቦ ሰፋው። ሽቦውን በካውያ እያጋለ ፕላስቲኩ ውስጥ አሰመጠው። ከላይ ስቱኮ ለቀለቀ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ነጭ ቀለም ነፋበት። በሦስተኛው ቀን ባምፐሩ ከፋብሪካ የወጣ መሰለ። እጁን ከሥር አስገብቶ ለዳሰሰ ግን ስፌቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ወይዘሮ አስካለ ሲመለሱ ገና ከአውቶቡስ ሳይወርዱ፣ «መኪናችን ደህና ናት?» አሉት።

«ደህና ናት፣ እትዬ።»

በአሥራ ሰባት ዓመት የዋሻቸው ይህን አንድ ጊዜ ነው። እሱም ለራሱ ብሎ አልነበረም።

ሁለት ወር አለፈ። ወይዘሮ አስካለ የቤንዚን ሰልፉ ስላስመረራቸው ኮሮላዋን ሸጠው በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ሊገዙ አሰቡ። አንድ ጨዋ የሚመስል ገዢ ከመካኒኩ ጋር መጣ። ወይዘሮ አስካለ ግቢው መሐል ቆመው መኪናዋን አመሰገኑ፤ ሾፌሩንም ጨምረው።

«በሞተው ባለቤቴ አጥንት እምላለሁ፣ ይቺ መኪና ጭረት አታውቅም። ወልዴ ሲነዳ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነው።»

ወልደገብርኤል ከጎናቸው ቆሟል። «እትዬ፣ አንዴ ላናግርዎ» ሊል ነበር። መካኒኩ ግን ቀድሞት ጎንበስ ብሎ እጁን ከኋላ ባምፐሩ ሥር ሰደደ። እጁ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ከዚያ ቆመ።

«ይሄ ተሰፍቷል» አለ። ገዢው ወይዘሮ አስካለን አየ፤ ወይዘሮ አስካለ ወልደገብርኤልን አዩ።

«እናስብበትና እንደውላለን» አለ ገዢው በትህትና። እንዲህ ብሎ የደወለ ሰው የለም።

በሩ ሲዘጋ ወይዘሮ አስካለ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለው ነበር።

«ማነው የገጨህ?»

ምን ያድርግ? ቃሉን አፈረሰ። «ጋሽ ሉልሰገድ ናቸው» አለ፤ የሆነውንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው።

«መንጃ ፈቃዳቸውስ?»

«አልያዝኩም። አፈርኩ፣ እትዬ።»

«እሳቸውን አፈርክ። እኔን ግን አላፈርክም።» ስልካቸውን አንስተው እዚያው ደወሉ፤ እንዲሰማውም ድምፁን ከፍ አደረጉት። ጋሽ ሉልሰገድ አነሱ። ከበስተኋላ የሳህን ድምፅና የትልቁ ልጃቸው ሳቅ ይሰማል፤ ምሳ ላይ ናቸው። ወይዘሮ አስካለ ጠየቋቸው። ጥያቄው ከሽማግሌው ስልክም ጮክ ብሎ ወጥቶ መሰለኝ፣ ሳቁ ቆመ። ልጅየው፣ «ምንድነው አባባ? ማንን ገጨህ?» ሲል በግልጽ ተሰማ።

«እኔ?» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ። «እኔ ማንንም አልገጨሁም። ወልዴ ከሌላ ሰው ጋር አሳስቶኝ ይሆናል። ልጁ ጨዋ ነው፣ አትቆጪው አስካለ።»

ስልኩ ተዘጋ። ለወልደገብርኤል ከስድብ ሁሉ የከፋው ያ «ጨዋ ነው» የሚለው ቃል ነበር።

«በሞተ ሰው አጥንት በውሸት አስማልከኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «አሁን ደግሞ በሽማግሌ ታሳብባለህ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቅልኝ።»

ቤቱ ማለት ከግቢው ጓሮ ያሉት ሁለት ክፍሎች ናቸው። የወልደገብርኤል የቀበሌ ቤት ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሲሄድ፣ ወይዘሮ አስካለ «እዚሁ ኑሩ» ብለው ሰጡት። ልጁ ናዝራዊት አምስት ኪሎ ወዳለው ትምህርት ቤቷ በእግሯ የምትሄደው ከዚያ ስለምትነሳ ነው። ሥራው ሲሄድ ጣሪያውም አብሮ ይሄዳል።

ያን ቀን ሚስቱ ሀና ሁሉን ሰማች። ከዚያ፣ «ሽማግሌ እንላክ» አለች።

«ማንን?»

«ጋሽ ሉልሰገድን።»

«አብደሻል?»

«ከእሳቸው ሌላ የማንን ቃል ይሰማሉ? ደግሞ በስልክ መዋሸት ሌላ ነው። ሽማግሌ ተብሎ ገብቶ፣ አንተን ከፊቱ አቁሞ፣ ማን ይዋሻል? ያፍራሉ። አፍረው ያወጡታል።»

የእሷ ነገር ልክ መሰለው። እንዲያውም እስከ እሁድ ድረስ ደስ ብሎት ዋለ፣ አደረ። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ እናቱን የቀበሩ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸው በሌሉበት እውነቱን መናገር ምን ይቸግራቸዋል?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ሉልሰገድ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሁለት የዕድር ሰዎች አስከትለው መጡ። ላንድክሩዘሯን ራሳቸው ነድተው ግቢው ውስጥ አቆሟት። ሳሎን ገብተው ከፍ ካለው ቦታ ተቀመጡ። ወልደገብርኤል እንደ በዳይ ወግ በሩ ጋ ቆመ። ሀና ከጓዳው ደጃፍ ሆና ታያለች።

«አስካለ» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ዛሬ እውነቱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ወልደገብርኤል ዞሮ ሀናን አያት፤ ሀና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

«እውነቱ፣ ሰው ነው። ሰው ይሳሳታል። ፈርቶ ነው፤ ሲጨንቀው ነው የኔን ስም የጠራው። ክፋት የለውም፣ እናቱንም አውቃታለሁ። እኔ በበኩሌ ይቅር ብዬዋለሁ። አንቺም ይቅር በይው።»

ሁለቱ የዕድር ሰዎች፣ «እውነት ነው፣ ይቅር በይው» አሉ። የወይዘሮ አስካለ ዓይን እንባ አቀረረ፤ የጋሽ ሉልሰገድ ደግነት ነክቷቸው ነው።

«ና ወልዴ» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ። «ድሮ ቢሆን ድንጋይ ተሸክመህ ነበር የምትገባ። አሁን ‹አጥፍቻለሁ› በልና ይብቃ።»

ወልደገብርኤል ሀናን ዳግመኛ አያት። ሀና ወለሉን ታያለች። በመስኮቱ በኩል የናዝራዊት የትምህርት ቤት ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። «ውሸታም!» ብሎ ቢጮህስ? ይችላል። አፍም ድምፅም አለው። ከዚያ ግን ነገ ጠዋት ያ ልብስ የት ነው የሚሰጣው?

«አጥፍቻለሁ» አለ።

ተንበርክኮ የወይዘሮ አስካለን ጉልበት ሳመ። ወግ ነውና ዞሮ የሽማግሌውንም ጉልበት ሳመ። ተዋረደ፤ ሌላ ስም የለውም። ጋሽ ሉልሰገድ እጃቸውን አናቱ ላይ ጭነው ረዘም አድርገው መረቁት። ወይዘሮ አስካለም፣ «በል ተነሣ፣ ሥራህን ቀጥል» አሉ።

ሲወጡ ጋሽ ሉልሰገድ ትከሻውን ተደግፈው ደረጃውን ወረዱ። «ቤትህን አቆየሁልህ» አሉት በጆሮው። «ያ የባምፐሩ ነገር እንግዲህ ተካክሷል፣ አይደል?»

ላንድክሩዘሯ ፊት ደርሰው ነበርና የወልደገብርኤል ዓይን የፊት ብረቷ ላይ ዐረፈ። የኮሮላዋ ነጭ ቀለም እስካሁን እዚያው ነው፤ አልተጠረገም። የማያዩትን ነገር እንዴት ይጥረጉት? «እትዬ፣ ይውጡና ይዩ!» የሚለው ቃል ከጉሮሮው ደረሰ። ግን ከሳሎን የወይዘሮ አስካለ ድምፅ ተሰማ፤ ለሀና፣ «ለልጅቷ ዳቦ ያዥላት» እያሉ ነው። ቃሉን ዋጠው። ስድብ ከዋጠበት ቀን ይልቅ ይህኛው መረረው።

«እስኪ ከኋላ እየኝ» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ መሪውን ይዘው። «ዓይኔን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

ሄዶ ከግቢው በር የድንጋይ ምሰሶ አጠገብ ቆመ። «ይምጡ… ይምጡ… ትንሽ ወደ ግራ… ይምጡ።» ላንድክሩዘሯ ወደ ምሰሶው ቀረበች። ዝም ቢል ይገጫሉ። ያኔ ልጆቻቸው ያያሉ፣ ቁልፉ ይወሰዳል፣ ሁሉም ያውቃል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። አፉን ገጥሞ ቆመ፤ የመኪናዋ ጅራት ምሰሶው ጋ ለመድረስ ክንድ ያህል ቀራት፣ ከዚያ ስንዝር።

«በቃ!» አለ።

ቆሙ። አስተካክለው ወጡና መንገዱ ላይ ሲደርሱ መስኮቱን ዝቅ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ውስጥ የታጠፈ መቶ ብር አለ።

«እንካ ልጄ፣ ያዘው። ለሻይ።»

ወልደገብርኤል ያንን እጅ አወቀው። ባለፈው ሦስት ጊዜ ገፍቶ የመለሰው እጅ ነው። አሁን ግን በሁለት እጁ ተቀበለና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ።