መርፌ ቁልፉ በግራ ነው

እጅ ነው ሐኪም ማለት፣ እጅ፣ ዓይንማ ማን የሌለው አለ፣ ትላለች እናቷ፣ ስልኩ ከተዘጋ አራት ሰዓት ሆኖታል እናቷ ግን አልተዘጋችም፣ እሷም ከሕሙማን ክፍል ወደ ምድር ቤት በሚወርደው ደረጃ ሰባተኛው እርከን ላይ ተቀምጣ ትሰማታለች፣ ሰባተኛውን የመረጠችው ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ እዚያው ላይ ጋደም ስለምትል ነው፣ እሷም ጋደም ብትል ደስታዋ ነበር፣ ትናንት ጠዋት የለበሰችው ጋዋን ዛሬም ላይዋ ላይ ነው፣ በአንድ ኪሱ የልብ ማዳመጫ፣ በሌላው አራት ቦታ የታጠፈ ቅጽ። ተለማማጅ ሐኪም ይላል ቅጹ፣ ስሟን ይላል፣ ከዚያ ልሠለጥንበት የምመርጠው የሕክምና ዘርፍ፣ ከዚያ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አሁን ስድስት ተኩል ነው። ጸሐፊዋ ዘጠኝ ላይ መሳቢያዋን ትቆልፋለች፣ እሷ ደግሞ ከቆለፈች ቆለፈች ነው፣ ያልሞላ ሰው የተረፈ ቦታ ላይ ይመደባል።

ራዲዮሎጂ ብላ ልትሞላ ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እርግጠኛ ነበረች፣ እናቷን እንኳን ደፍራ ነግራታለች፣ እናቷም፣ ሠላሳ ዓመት ያዋለደችው እናቷ፣ ራጅ አንሺ? ብላ ጮኸች፣ አይ እማ አንሺ አይደለም፣ የተነሳውን አይቶ በሽታውን የሚናገር ሐኪም ነው፣ እሱስ ቢሆን፣ እኔ ሰው ስቀበል ኖሬ አንቺ ጨለማ ቤት ተቀምጠሽ ጥላ ልታዪ፣ እንደው የኔ እናት ሰው ፈርተሽ ነው አይደል፣ ድሮም እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ነበር የምትገቢው። ሰው ፈርተሽ ነው። ኧረ እማ ተዪኝ። ግን የእናት ነገር፣ አይታ ነው የምትወረውረው፣ አይስትም።

ጓዳ ውስጥ ምን እንደነበር ግን እናቷ አታውቅም፣ ባትሪ ነበር፣ የእጅ ባትሪ፣ መዳፏን ላዩ ላይ ስትጭነው ጣቶቿ ቀይ ሆነው ይበራሉ፣ አጥንቱ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ ወይም የታየ ይመስላታል፣ ሰው ውስጡ እንዲህ ነው እንዴ እያለች፣ ሳሎን ውስጥ እንግዶቹ ይስቃሉ፣ እሷ እጇን ታያለች። ከሃያ ዓመት በኋላ የምድር ቤቱን ጨለማ ክፍል በር ስትከፍት ያ ጓዳ ነው የጠበቃት። ግራጫው። ጥቁር አይደል፣ ነጭ አይደል፣ ሺህ ዓይነት ግራጫ፣ ሳንባ ጭስ መስሎ፣ ልብ መሐሉ ላይ ተኝቶ፣ ማንም አያቃስት፣ ማንም እጇን አይዝ፣ ዶክተር እድናለሁ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ከዚህ ሌላ ነገር ፈልጌ ከሆነ፣ አለች ያን ቀን። ማንም የማይጠይቅበት። አየሽ፣ እናትሽ አልሳተችም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጉድ ሆነች። አልጋ አሥራ አንድ፣ ልብስ ሰፊዋ እማማ፣ ትራስ ተደግፈው በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳሉ፣ ሳንባቸው ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል፣ በመርፌ ሊቀዳ ነው፣ ሬዚደንቱ፣ አለቃዋ ማለት ነው፣ እኔ እስክመጣ በየትኛው ጎን እንደሆነ ለይተሽ ምልክት አድርጊ ብሏታል። የፊልም ማያው አምፖል ከተቃጠለ ወር አለፈው፣ ስለዚህ በዚህ ክፍል ራጅ የሚታየው በመስኮት ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል፣ ከኤንቨሎፑ መዘዝ፣ ወደ ሰማይ ቀና፣ እሷም ታነሳዋለች፣ ቀኝና ግራ የሚለየው ፊደል ፊልሙ ላይ የለም፣ ሲነሳ ከጠርዙ ውጭ ቀርቷል፣ የለም ብላ ግን አልደነገጠችም፣ ፀሐይዋ ከጀርባው መጥታ ውሃውን ነጭ ስታደርገው አፏን ከፍታ ነው የምታየው፣ ያምራል፣ እውነቱ ይሄ ነው፣ ያምር ነበር። ቀኝ ነው፣ ትላለች። ደረታቸውን በጣቷ ማንኳኳት ነበረባት፣ ማዳመጫዋን ጀርባቸው ላይ ማድረግ ነበረባት፣ እኩለ ቀን አልፎ እኩለ ቀን ሊመጣ ነው ከተኛች፣ አታደርገውም። ቀኝ ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች።

ልጄ፣ ይላሉ ልብስ ሰፊዋ፣ እስቲ ያንን ነገር አሳዪኝ፣ እኔ ነኝ እሱ? አዎ እማማ፣ እርስዎ ነዎት። ጉድ በይ፣ ይሄን ያህል ዘመን ስኖር አንድም ሰው አሳይቶኝ አያውቅ። ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ዝም ብለው ያዩታል፣ ራስጌውን፣ ግርጌውን፣ ከዚያ ጣታቸው አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር ላይ ይቆማል፣ ውይ፣ መርፌ ቁልፌ፣ ብረት ያለበት ሁሉ ይውለቅ ብለውኝ እሷን ረስቻት። ደግሞ፣ ልጄ፣ ይሄ እኔ ከሆንኩማ ገልብጠሽ ይዘሽዋል፣ እኔ መርፌ ቁልፌን በግራዬ ነው የምሰካት፣ አርባ ዓመት፣ ቀኝ እጄ ሳያይ እንዲደርስባት። የውስጥ ልብሳቸውን ማንገቻ ገለጥ ያደርጋሉ። መርፌ ቁልፏ አለች። በግራ። የሚያስጨንቀኝም በዚሁ በኩል ነው፣ ይላሉ ቀስ ብለው፣ አልጠየቅሽኝም እንጂ።

ክው። ፊልሙን ገልበጥ ስታደርገው ሁሉም ነገር ቦታው ይገባል፣ ደረታቸውን ስታንኳኳ ግራው ውሃ እንዳዘለ ዕቃ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ልጅ ያውቀዋል እንዲህ ያለውን። አልኮል፣ ጥጥ፣ የቀኙን ምልክት ፈትጋ ፈትጋ ታጠፋዋለች፣ ግራው ላይ ታደርጋለች፣ ሬዚደንቱ ይመጣል፣ ውሃው በግራ ይቀዳል፣ ልብስ ሰፊዋ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይስባሉ፣ ጎበዝ፣ ይላታል ሬዚደንቱ። ጎበዝ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። በደህናው ጎን መርፌ ሊገባ ነበር፣ በደህናው ሳንባ፣ እና አንቺ ጎበዝ፣ አንቺ ራዲዮሎጂስት፣ ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ።

ሰባት ሰዓት። ትነሳለች። እግሯ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ከራሷ ጋር ሳይማከር።

ጨለማው ክፍል ውስጥ የራጅ ሐኪሙ ተቀምጠዋል፣ ተለማማጆቹ ጋሽ ጨለማ ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ደስም ይላቸዋል። ቁጭ በይ፣ ይላሉ ሳይዞሩ፣ ፊትሽ ጥሩ አይደለም። አላዩኝም እኮ ጋሼ። ደረጃው ላይ ስትወርጂ ሰማሁሽ። ከፊታቸው መብራቱ ላይ የተሰቀለው የልብስ ሰፊዋ ፊልም ነው፣ ለውጤት ጽሑፍ ጠዋቱን ራሷ ነች ያስወረደችው፣ እዚህ ተስተካክሎ ሲታይ ደግሞ ሌላ ሰው ይመስላል፣ ምን ታያለሽ? ይላሉ። መርፌ ቁልፍ፣ ትላለች። ዘወር ይላሉ። ሁሉም ሰው ውሃውን ነው የሚያየው፣ ይላሉ። መርፌ ቁልፍ፣ በግራ፣ አርባ ዓመት እዚያ የተሰካች፣ ትላለች፣ እና ሁሉንም ትዘረግፈዋለች፣ መስኮቱን፣ የጠፋውን ፊደል፣ ያጠፋችውን ምልክት፣ ጎበዝን፣ እናቷን። እናቴ ሰው ሸሽተሽ ነው ትላለች፣ ጋሼ፣ እውነቷን ይሆን?

ጋሽ ጨለማ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ። ሰው ለሚሸሽ የሚሆን ሥራ ካገኘሽ ለኔም ንገሪኝ፣ አብረን እንቀጠራለን፣ ይላሉ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ፈለግሁ፣ የለም። ፎቅ ላይ ያለው ሐኪም አንድ ሰው ፊቱ አለ፣ ቢሳሳት ኧረ ዶክተር ይለዋል። እኔ ፊልሙ ኧረ አይለኝም። ስለዚህ ስልኩን አንስቼ እጠይቃለሁ፣ የት ነው የሚያማቸው፣ መቼ ጀመራቸው፣ ምላሴ እስኪደክም፣ ተለማማጆቹ ይጠሉኛል። ለሬዚደንቱ ነግረሽዋል? አልነገርኩትም። ንገሪው። ይቆጣሻል፣ ይቆጣሽ፣ አምፖሉን ግን ያስቀይራል።

ይቆጣታል። ጆሮዋ እስኪቃጠል፣ ኮሪደር ላይ፣ ነርሶቹ እያዩ፣ ከዚያ ወር ሙሉ አልተገኘም የተባለው አምፖል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከየት እንደሆነ እንጃ ይገኛል። ስምንት ሰዓት። አልጋ አሥራ አንድ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ልብስ ሰፊዋ ብርቱካን እየላጡ ነው፣ ትንፋሻቸው ገብቶላቸዋል፣ እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትላለች፣ ልጠይቅዎት ይገባ ነበር። እንግዲህ አሁን ጠይቂኛ፣ ይላሉ። ትጠይቃለች። መቼ ጀመረዎት፣ ሲተኙ ይብሳል ወይ፣ ማን አለዎት ቤት። ይነግሯታል፣ ስለ ሳንባው ትንሽ፣ ስለ ስፌት መኪናቸው መዘውር ብዙ፣ አንዲት ሙሽራ ሦስት ጊዜ ስላስፈታቻቸው ቀሚስ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ እሷም ትስቃለች፣ እጇ መቼ እጃቸው ውስጥ እንደገባ አላየችም። ልትነሳ ስትል መርፌ ቁልፏን ነቅለው ጋዋኗ ላይ ይሰኩላታል፣ ኧረ እማማ፣ ዝም በይ ሌላ አለኝ፣ በግራ ነው ያደረግሁልሽ፣ እንዳትረሺ።

ቅጹን እዚያው ብርቱካን ልጣጩ አጠገብ ትሞላዋለች። ጸሐፊዋ ሰዓቷን አይታ ትቀበላታለች።

ሞላሁት እማ፣ ትላለች ስልኩ ውስጥ፣ ሰባተኛው እርከን ላይ፣ ፀሐይዋ ወደ አራተኛው ወርዳለች። ምን ብለሽ? ራዲዮሎጂ። ከእናቷ ጀርባ ሕፃን ያለቅሳል፣ ገና ዛሬ የጀመረው ለቅሶ፣ የሆነ ሰው ወንድ ነው ወንድ ነው ይላል። አልትራሳውንዱን ማን ነው የሚያየው? ትላለች እናቷ በመጨረሻ። እኛ። ሆድ ውስጥ ያሉትንም? ሆድ ውስጥ ያሉትንም። እንዲያ ከሆነማ ከኔ በፊት ልታያቸው ነዋ፣ ትላለች፣ ቅናት ነው፣ ሳቅም ነው፣ ሠላሳ ዓመት የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ደግ። እንግዲያው አደራ፣ ስታዪ እናቲቱን አትርሻት፣ ስሟን ጠይቂያት፣ ፈርታ ነው የምትመጣው።

እጠይቃታለሁ እማ። ስልኩ ይዘጋል፣ እናቷም ትዘጋለች፣ እሷ ራሷን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች፣ ዓይኗ ሲከደን ግራጫው ይመጣል፣ ሺህ ዓይነት ግራጫ፣ ልብ መሐሉ ላይ ተኝቶ፣ አሁን ግን ከግራጫው ውስጥ ሰው ያወራል፣ ስለ ቀሚስ፣ ስለ ሙሽራ፣ እጇ ሳታይ ደረቷ ላይ ትሄዳለች፣ ትዳስሳለች፣ አለች፣ በግራ