በሐሰት የተከሰሱ ትኋኖች

ፍራሽ ሰፊው ማከኩ ሳያንሰው ማላከክም ለምዷል። መጀመሪያ ክንዱ ላይ፣ ቀጥሎ ጀርባውና እግሩ ላይ ትንንሽ ሽፍታ ወጣበት፤ ሲያሳክከው ደግሞ ሰው ፊት ነው አይል፣ መንገድ ነው አይል። አንድ ቀን «ይሄ ፍራሽ እንቅልፍ ያመጣል» እያለ ጀርባውን በበሩ መቃን ሲፈትግ፣ ደንበኛዋ ቦርሳዋን አንስታ እብስ አለች። ጥፋቱን ለሳሙናው ሰጠ። ሳሙናው ተቀየረ። ከዚያ በጎረቤት ድመት አላከከ። በመጨረሻ ለሚስቱ «ትኋን ነው» አላት።

ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ትኋን ከሆነማ ታውቅበታለች። አንሶላውን ቀቀለች፣ አልጋውን በፈላ ውሃ አጠበች፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ ደፈነች። አንድም ትኋን አልተገኘም።

«ተደብቀው ነው» አለ ባል፣ ብብቱን እያከከ።

ሁለቱም ኤች አይ ቪ በደማቸው እንዳለ ካወቁ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከሰው ይደብቁ እንደሆን እንጂ እርስ በርስ አይደባበቁም። ጠዋት ጠዋት መድኃኒታቸውን ይዘው፣ የውሃ ብርጭቋቸውን አጋጭተው «ለጤናችን» ብለው ይውጣሉ። እሷ የምታውቀው እንደዚያ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፍራሹን ግቢ አውጥታ በዱላ ትወቃው ጀመር። ባልየው እየሮጠ መጣ።

«ተይው እኔ እመታዋለሁ፣ ወገብሽን ያምሻል።»

በትዳር ዘመኑ ለወገቧ አስቦ አያውቅምና ጠረጠረች፤ ይባስ ብላ ወቃችው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የሱን ግን ያወጣው ዱላ ነው። ስፌቱ ተተረተረና ከጥጡ ጋር የመድኃኒት ክኒን ዝርግፍ አለ። የሰባት ወር መድኃኒት! ለካ ሰውዬው ወደ አፉ ያስጠጋና እጅጌው ውስጥ ይጥለዋል፤ ከዚያ ፍራሹ ውስጥ ከትቶ መልሶ ይሰፋዋል። ባለሙያ አይደል።

ዱላውን ጣለች።

«ተሽሎኝ ነበር እኮ» አለ። «ሳልውጥ ስውል ምንም ያልነካኝ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።»

«ሽፍታውስ?»

«መድኃኒቱን በማቆሜ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ። መናገር ፈራሁ።»

«እኔ ደግሞ ትኋን ነው ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ትኋን ሰው አይገድልም ብዬ። ለካ ሰባት ወር ሙሉ ብቻዬን ነው ስውጥ የከረምኩት።»

እንባዋን ሲያይ እንደ ልማዱ ማሳበቢያ ፈለገ፤ ጠፋው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጫማህን አድርግ። ሐኪም ቤቱ ቅዳሜ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው።»

«አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ እንጂ» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ብቻዬን መዋጥ በቅቶኛል።»