ራሱን የሚያጠፋ መበየጃ

ሱንዶክ የባሏን እጅጌ ጨብጣ አልለቅ አለች። በሴውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ገበያ የሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ የሽቦ ጥቅልል፣ የአሮጌ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ፣ የተቆለለ ማራገቢያ። እሷ ግን ይህ ሁሉ አልታያትም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ዓይኗ ላይ ያለው እሳት ብቻ ነው።

ያን ዕለት የባሏ የማንሶክ መበየጃ ከማስቀመጫው ተንከባሎ የወለሉን ንጣፍ አቃጠለው። ሬዲዮ ሲጠግን ሽቦ የሚያጣብቅበት ርካሽ ነገር ነበር፤ ከሽቦ በተጠማዘዘች ማስቀመጫ ላይ የሚጋደም፣ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ እንደ ፍም የሚግል። ሱንዶክ የተቃጠለው ላይ መከዳ ጣል አደረገችበት። ልጃቸው ሄሱክ ግን ገና በሩን እንደከፈተች በአፍንጫዋ አገኘችው። የሚኖሩት ሄሱክ ቤት ነው።

"አባባ ረስቶት ነው አይደል?" አለች እናቷን ወጥ ቤት ጎትታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "መርሳት ጀምሯል። አትደብቂኝ።"

"ተንከባሎ ነው እንጂ..."

"አንዴ ደግሞ ጭስ ከሸተተኝ የጥገና ጠረጴዛውን ራሴ አውጥቼ እጥለዋለሁ። እሱንም ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ፤ ጭንቅላቱ ይመርመር።"

ከዚያ ወዲያ ሱንዶክ እህል አልወርድ አላት። ያ ጠረጴዛ ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ማንሶክ አውቶቡስ መንዳት ያቆመ ጊዜ የብርዱን ወራት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የተኛው። ከዚያ አልጋ ያስነሳው ሐኪም አይደለም፣ እሷም አይደለችም፤ የጎረቤት የተበላሸ ሬዲዮ ነው። ጠረጴዛው ከወጣ ሰውየው ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ስለዚህ ለልጇ፣ "መበየጃውን እኔው ሄጄ እመርጣለሁ። የማይሰበር፣ የማያቃጥል፣ ቢረሳ እንኳ ራሱን የሚያጠፋ" ብላ ቃል ገባች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም እንደማታውቅ ትዝ ያላት።

ባለሱቁ ፒዮ የሚባል መላጣ ሰው ነው። መጀመሪያ አንድ የሚያብረቀርቅ አዲስ አወጣ።

"እናቴ፣ ይሄ ቁጥሩ ያበራል። ሙቀቱን ያዩታል።"

ማንሶክ አንስቶ መዘነው፤ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ፣ መበየጃ በገመድ የተያያዘበት ሰማያዊ የብረት ሣጥን በአገጩ አሳየ። "ያንን።"

"ዓይን አለዎት አባቴ!" አለ ፒዮ። "የጃፓን ነው። ከተዘጋ ፋብሪካ የወጣ። እኔ ሳላገባ ሲሠራ ነበር፤ ሚስቴ ጥላኝ ሄደች፣ እሱ አሁንም ይሠራል።"

"አሮጌ ነው!" አለች ሱንዶክ። "ሰው የጣለውን ልታሸክመን ነው?"

"አሮጌማ እኛም ነን" አለ ማንሶክ።

"አንተ ዝም በል። ጫፉ ሲያልቅስ ምን ይደረጋል?"

"የዚህ ጫፍ በየሱቁ አለ፤ ነቅሎ መቀየር ነው። የአዲሱ ግን ሲያልቅ እኔ ራሴ አላገኝልዎትም።"

"የጋለው ብረት ገመዱን ቢነካስ?"

ፒዮ ሁለቱንም ሰካና አጋለ፤ መጀመሪያ የአዲሱን ጫፍ በራሱ ገመድ ላይ አሳረፈ። ገመዱ ወዲያው ሟሸሸና ጨሰ። ሱንዶክ ወደ ኋላ ሸሸች። የሰማያዊውን ጫፍ በራሱ ገመድ ላይ ሲያሳርፈው ግን ገመዱ እንደ ጎማ ልስልስ ብሎ ቆየ እንጂ ምልክት እንኳ አልያዘም።

"ቢተኛበትስ?"

"ማነው የሚተኛው?" አለ ማንሶክ።

"አንተ!"

ፒዮ ሳቁን ዋጠ። "እናቴ፣ ማስቀመጫው ላይ ከተመለሰ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። እሳቸው ቢተኙም ባይተኙም።"

"አሳየኝ።"

"ደንበኛ እየጠበቀኝ..."

"ይጠብቅ።"

ፒዮ መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ መለሰው፤ እሷ የሣጥኑ ቀይ መብራት ላይ አፍጥጣ ቆመች። ከኋላዋ የቆመው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ አልዞረችም። ያቺ መብራት ካልጠፋች ለሄሱክ ምን ትላታለች? ደግሞ ብትጠፋም አንድ ቀን እምቢ ብትልስ? ከብዙ ጊዜ በኋላ መብራቷ ብልጭ አለችና ጠፋች። "እሺ፣ ጠቅልለው" አለች ሱንዶክ።

ወንዶቹ ሣጥኑን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ወሬ ያዙ። የእሷ ዓይን ግን የገመዱ መሰኪያ ላይ አረፈ። ሁለት ጠፍጣፋ ምላስ ነው ያለው፤ የእነሱ ቤት ግድግዳ ደግሞ ክብ ቀዳዳ ነው። ወንድ ይህን የት ያያል አለች በልቧ። ፊት ለፊት ወዳለው መደብ ተሻግራ ጠፍጣፋውን ወደ ክብ የምትቀይረውን፣ ሰው ሁሉ የአሳማ አፍንጫ የሚላትን ትንሽ ነገር ገዛችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መንገዱን ሁሉ በዚያች አፍንጫ ልቧ ሞቆ ተመለሰች።

ቤት ገብተው ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ከመቀመጡ ስልኩ ጮኸ። ሄሱክ ነበረች። ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታለች፤ እየደረሰች ነው።

"አትንኪው፤ የጃፓን ነው" አለ ማንሶክ። "አንድ ነገር ላምጣለት" ብሎ ወደ በረንዳው ወጣ።

ሱንዶክ የካርቶን መንኮሻኮሽ፣ የቆርቆሮ መንኳኳት ሰማች። ቆየ። በጣም ቆየ። ይሄኔ ሄሱክ ከባቡር ወርዳለች። ስትገባ መበየጃው ማስቀመጫው ላይ ሆኖ መብራቷ ስትጠፋ በዓይኗ ብታይ፣ ነገሩ ሁሉ ባለቀ! ማንሶክ የሚፈልገው ይቺን ነው እንዴ? ብላ ከቦርሳዋ የአሳማ አፍንጫዋን አወጣች። ልክክ አለች። ግድግዳው ላይ ሰካችው። ማብሪያውን ተጫነች።

ሣጥኑ አጉረመረመ። ከዚያ ጧ! አለ፤ ከጀርባው ቀጭን ግራጫ ጭስ ወጣ።

ከግድግዳው እንዴት እንደነቀለችው አታውቅም። በሻርፗ አየሩን እያራገበች ሳለ የውጭው በር የቁጥር ቁልፍ ሲነካ ድምፁ ተሰማ፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

ሄሱክ ኮቷን ሳታወልቅ ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

"እማማ። ምን ብዬሽ ነበር?"

ሱንዶክ አፏን ስትከፍት ማንሶክ ባዶ እጁን ከበረንዳው ገባ። ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል። ጭሱን ያየም አይመስልም።

"የለም" አለ። "ዝቅ ማድረጊያው የለም። ከልብስ ማጠቢያው መኪና ጎን ነበር ያስቀመጥኩት። ባለሱቁ ሲጠይቀኝ፣ አለኝ አልኩት። አስቀምጬው ነበር እኮ... ወይስ አላስቀመጥኩም?" እጆቹን አገላብጦ አየ።

ሄሱክ እናቷን አየቻት። አየሽ? የሚል ዓይን ነው።

"እኔ ነኝ የሰካሁት!" ብላ ጮኸች ሱንዶክ። "እሱ አትንኪው ብሎኛል። ጭሱ የእኔ ነው፤ ልትጥይ ከሆነ እኔን ጣይ!"

"እማማ፣ ቆይ። ዝቅ ማድረጊያ ምንድነው?"

"የጃፓን ዕቃ የሚፈልገው ኃይል የእኛን ቤት መብራት ግማሽ ነው" አለ ማንሶክ ቀስ ብሎ። "ያለ ዝቅ ማድረጊያ ከሰኩት ይቃጠላል። ባለሱቁም የሰካው በእሱ በኩል ነበር። ጡብ የሚያክል ብረት ነው። ከባድ። አናቱ ላይ እጀታ አለው።"

"አረንጓዴ?"

"አረንጓዴ።"

ሄሱክ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። "ማጠቢያውን መኪና የቀየርን ጊዜ... እሱን ለቆራሌው ሰጠሁት አባባ። የማይረባ ብረት መስሎኝ። አልነገርኩህም።"

ማንሶክ የበሩን መቃን ያዘ።

"ከማጠቢያው መኪና ጎን ነበር?"

"ከጎኑ።"

"በስተቀኝ?"

"በስተቀኝ፣ አባባ።"

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ትከሻው ወረደ። ሱንዶክ ይህን ሁሉ ሳምንት እሱም እንደ እሷ ሲፈራ መክረሙን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

"እንግዲያው አልረሳሁም" አለ።

"ታዲያ ሐኪም ቤት የሚሄደው ማነው?" አለች ሱንዶክ።

ሄሱክ አልሳቀችም። ሄዳ መስኮቱን ከፈተች። ስትመለስ አባቷ መፍቻ አንስቶ የሣጥኑን ብሎን መፍታት ጀምሯል። ከውስጡ የጠቆረች ትንሽ የመስታወት ፊውዝ በጥፍሩ አወጣ።

"ይቺ ናት የሄደችው። ሌላው ደህና ይመስለኛል፤ ግን ውስጡ ጨለማ ነው። እስቲ መብራት ያዢልኝ።"

ሄሱክ ኮቷን እንደለበሰች ተንበረከከችና የስልኳን መብራት ሣጥኑ ውስጥ አበራችለት።

"ከግድግዳው ተነቅሏል ግን?" አለች ሱንዶክ ከኋላቸው።

"ተነቅሏል እማማ።"

"ተነስተሽ እይልኝ።"